የፍራፍሬ ዝንብ ነርቭና ጡንቻ፦ መልእክቱ ሳይዛባ የሚቆየው እንዴት ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ከልክ በላይ የበሰለ ማንጎ በተቀመጠበት የፍራፍሬ መደብር፣ ወይም ክዳኑ በተነሣ የጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበው ቀይ ዓይን ያላት ደቃቅ ዝንብ ድሮሶፊላ ትባላለች። ጤነኛውን ማንጎ ወግታ እንቁላሏን በመጣል ገበሬውን የምታማርረው ትልቋ ዝንብ ሌላ ናት። የበሰበሰውን ማንጎ የከፈለ ሰው ከፎገራ ሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጭ እጭ ስትሳብ ያያል።

እጯ የምትሳበው ከቆዳዋ ሥር የተደረደሩት ጡንቻዎች ተራ በተራ ሲኮማተሩ ነው። በአብዛኞቹ የሆድ ክፍሎቿ በእያንዳንዱ ጎን 30 ጡንቻዎች አሉ፤ ሁሉም የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ተመራማሪ በመቶ እጮች ላይ ያንኑ ጡንቻ ማግኘት ይችላል። የነርቩ ጫፍ ጡንቻው ላይ እንደ ዶቃ ተሰካክቶ ያርፋል። ዶቃዎቹ ውስጥ ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል የያዙ ረቂቅ ከረጢቶች አሉ። የኤሌክትሪክ መልእክት ሲደርስ ካልሲየም ይገባል፣ ከረጢቶቹ ይዘታቸውን ያፈሳሉ፣ ግሉታሜቱን የሚቀበሉት የጡንቻው ፕሮቲኖች፣ ማለትም ተቀባዮቹ፣ ይከፈታሉ፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። የሰው ጡንቻ በዚህ ቦታ የሚጠቀመው አሴታይልኮሊንን ነው፤ ግሉታሜት በእኛ ዘንድ የሚበዛው አንጎል ውስጥ ነው። ዝንቧን በተመራማሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ካደረጓት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

እጯ በአራት ቀን ገደማ ስታድግ የጡንቻዋ ስፋት እስከ መቶ እጥፍ ይጨምራል። ትናንት የበቃው መልእክት ለዛሬው ጡንቻ አይበቃም፤ ሆኖም መሳቧን አታቋርጥም። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተቀባዮቹ አንዱ ዓይነት በዘረመል ለውጥ ሲጠፋ የአንዱ ከረጢት ውጤት እንደሚያንስ፣ ነርቩ ግን ብዙ ከረጢት በመልቀቅ ጠቅላላ መልእክቱን ወደ ቀድሞ መጠኑ እንደሚመልስ አሳየ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ንብ አድኖ ከሚኖር ተርብ መርዝ የታወቀ ኬሚካል ተቀባዮቹን በከፊል ሲዘጋ፣ ማካካሻው በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደሚጀምር ታየ። አዲስ ፕሮቲን መሥራት እንኳ አላስፈለገም፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ፍጥነት ነው።

ነርቭ አዛዥ፣ ጡንቻ ታዛዥ ይመስለናል። እዚህ ግን ጉድለቱን ያወቀው ጡንቻው ነው፤ ወሬውንም ወደ ኋላ የሚልከው እሱ ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ሴማፎሪን የተባለ ፕሮቲን ነው። ነርቩም ብዙ ካልሲየም ያስገባል፣ ለመለቀቅ የተዘጋጁትንም ከረጢቶች ያበዛል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ ያሉት የውሃ በሮች የሚፈሰውን ውሃ እንደሚመጥኑት መሆኑ ነው። በእጯ ውስጥ ግን በሩን የሚከፍት ጠባቂ የለም።

ሰውም ይህ ማካካሻ አለው። ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው ሕመም ሰውነት የገዛ ጡንቻውን ተቀባዮች ያጠቃል፤ የሕመምተኞቹ ነርቮች ከጤነኛ ሰው የበለጠ ከረጢት ሲለቁ ተገኝተዋል። ሁልጊዜ ግን አይበቃም፤ ጠዋት በቀላሉ የተገለጠው የዓይን ቆብ ወደ ማታ እየከበደ ይወርዳል።