የቀጥታ ካፕሽንና የግል መረጃ በጎጃም የቪዲዮ ስብሰባዎች

የቀጥታ ካፕሽን በዙም፣ በጉግል ሚት ወይም በማይክሮሶፍት ቲምስ ስብሰባ ላይ ሰው ሲናገር ኮምፒውተር ሰምቶ ከስክሪኑ ግርጌ ወዲያው የሚጽፍበት አሠራር ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት በጎጃም፣ መስማት ለተሳነው ተማሪ ካፕሽን ከሌለ ስብሰባው የለም ማለት ነው። ኔትወርክ ድምፅ ሲቆራርጥበት ለሚቸገረውም ይጠቅማል።

አማርኛ ግን ማሽኑንም አንባቢውንም ይፈትናል። «ዶሮው ይበላል» ሲባል «በ» እና «ላ» ከጠበቁ ዶሮው ለወጥ ነው፤ ከላሉ ራሱ ጥሬ እየለቀመ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ፣ ሮጦ የሚያልፈውን መስመር የሚያነብ ሰው መገመት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበው ድምፁ የሚሄድበት ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ አገልግሎት ሰጪው ሰርቨር (ሩቅ ወዳለ ኮምፒውተሩ) ተልኮ እዚያ ነው የሚጻፈው። ዙም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራን (ንግግሩን ከተሳታፊዎቹ በቀር ማንም እንዳይሰማው የሚቆልፍ ዘዴ) ሲጀምር፣ እሱ በበራበት ስብሰባ ካፕሽን አይሠራም ነበር፤ ቁልፉ በተሳታፊዎች መሣሪያ ላይ ብቻ ሲሆን ሰርቨሩ ሊሰማ አይችልምና። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች በራሳቸው ውስጥ ካፕሽን ያዘጋጃሉ፤ ቋንቋው ከተገኘ ለምስጢር የሚሻለው ይኸኛው ነው።

ደብረ ማርቆስ ከቤቱ ሆኖ የሚሰበሰብ መምህር እናስብ። ማይኩን ሳይዘጋ እናቱ ከጓዳ «አንተ ልጅ፣ ክኒንህን ዋጥህ?» ይላሉ። ቃሉ በእሱ ስም ሥር ተጽፎ ይወጣል፤ ትራንስክሪፕት (የስብሰባው ንግግር ሙሉ ጽሑፍ) እየተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ሰነድ ውስጥ ገባ። እናቲቱን ፈቃድ የጠየቃቸው የለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ጤና፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ብሔር የሚናገር መረጃን የበለጠ ጥበቃ የሚሻ አድርጎ ይመለከታል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍት «ጽሑፉ ይቀመጣል፤ የማይፈልግ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በጉግል ሚት አንድ ተሳታፊ ለራሱ ብቻ ካፕሽን ሲያበራ ሌሎቹ አያውቁም፤ ትራንስክሪፕት ሲጀመር ግን ለሁሉም ይነገራል። ካፕሽኑን ማጥፋት ቀድሞ የተቀመጠውን ትራንስክሪፕት አይሰርዝም፤ ፋይሉ ያለበት ሰው ራሱ መሰረዝ አለበት።