ጎጆውን ስላወጣችሁት ወፏ አትሄድም፦ ስለ ሮቶ፣ ጀነሬተርና ቆጣሪ ውስጥ ጎጆ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስራዬ ደብረ ብርሃን ላይ ሮቶ መስቀል፣ ዲሽ መግጠም፣ ጀነሬተር መጠገን ነው። ባለፈው ሳምንት ጠባሴ ያሉ አንዲት እናት ለሶስተኛ ጊዜ ደወሉልኝ። የሮቶው ትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦ በሳር ተደፍኖ ውሃው በክዳኑ በኩል እየገነፈለ ግድግዳውን አርሶታል። «እትዬ፣ ያልኩዎትን ወንፊት ሽቦ አስገጠሙ?» አልኳቸው። «ምን ሽቦ ያስፈልገዋል ልጄ፣ ልጁ እኮ ጎጆውን ጎልጉሎ አውጥቶ ጥሎታል» አሉኝ። ይሄን መልስ ከሳቸው ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ግን ከባለ ሱቁም ከባለ ሆቴሉም የምሰማው እሱኑ ነው፣ እና ሰለቸኝ፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ጎጆውን ካፈረስክባት ሌላ ቦታ ትሄዳለች»

አትሄድም። ወፏ የያዘችው ቀዳዳውን ነው፣ ሳሩን አይደለም። አገራችንን ታውቋታላችሁ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሌሊቱን ውርጭ ያድራል፣ ንፋሱም አያርፍም። ለአንዲት ድንቢጥ ንፋስ የማይገባበት፣ ዝናብ የማያርሰው፣ ድመት የማይደርስበት ቀዳዳ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሳርና ላባ ግን በየጓሮው ሞልቷል፣ ያፈረሳችሁባትን በጥቂት ቀን ውስጥ መልሳ ትሞላዋለች። እትዬ ቤት ሶስት ጊዜ ወጣ፣ ሶስት ጊዜ ተሰራ፣ ሶስተኛው ላይ እንዲያውም የማዳበሪያ ጆንያ ክር ገብቶበት ስለነበር በእጅ አልወጣ ብሎኝ ቱቦውን ፈትቼ ነው ያጸዳሁት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶው ሞልቶ የሚፈሰው አልፎ አልፎ ነው፣ ቱቦው ሳምንታት ደረቅ ይከርማል፣ ለሷ ጥሩ ቤት ነው።

ስለዚህ ስራው ማፍረስ ሳይሆን መዝጋት ነው። 3 ሳንቲም የሚሆን ቀዳዳ ለድንቢጥ ሰፊ በር ነው። 1 ሳንቲም ገደማ አይን ያለው ብየዳ ወንፊት ሽቦ ውሰዱ፣ በመቀስ ሳይሆን በፒንሳ ቁረጡ፣ በቱቦው አፍ ላይ እንደ ቆብ አጥፋችሁ በቱቦ ማሰሪያ አጥብቁት። ሮቶ ከሆነ አፉን በኤልቦ (በማጠፊያ ቱቦ) ወደ ታች አዙሩትና ከሽቦው ስር የትንኝ ወንፊት ጨምሩበት፣ ትንኝም አይገባም፣ ግን ቆሻሻ ስለሚይዝ በየሁለት በየሶስት ወሩ እዩት። ቀጭኗን የዶሮ ሽቦ አይኗ ሰፊ ስለሆነ ድንቢጥ ታልፍባታለች፣ ርካሽ ናት ብላችሁ እንዳትገዟት። በፎም የምትደፍኑም አላችሁ፣ ፎም ለኛ ጸሀይ አይሆንም፣ ይፈረፈራል፣ ወፍም ትቆፍረዋለች። ፌስታል መወተፍ ደግሞ ለጎጆዋ እቃ ማቀበል ነው። ለትልልቅ ክፍተት፣ ለምሳሌ በሮቶው ማቆሚያና በግድግዳው መሀል ላለው፣ ላሜራ አስቆርጣችሁ በብሎን ምቱ።

መቼ መዝጋታችሁ ግን በምን ከመዝጋታችሁ ይበልጣል። ሳር ብቻ ካለ፣ እንቁላል ከሌለ፣ አውጡና በዚያው ሰአት ዝጉ፣ «ነገ እዘጋዋለሁ» የለም። እንቁላል ወይ ጫጩት ካለ ግን ጠብቁ። ድንቢጥ እንቁላል ከጣለች ጀምሮ ጫጩቶቿ እስኪበሩ አንድ ወር ገደማ ነው፣ ርግብ ትንሽ ትረዝማለች፣ ወደ ሰባት ሳምንት። ያን ያህል ትእግስት የሚያጣ ሰው ይገርመኛል፣ ቱቦው እኮ ተደፍኖ ስድስት ወር ማንም አላየውም ነበር። ውስጡ ወፍ መኖር አለመኖሯን ለማወቅ ደግሞ አፉ ላይ ጥቂት ሳር ወይ የተጨማደደ ወረቀት ላላ አድርጋችሁ አድርጉና አንድ ሁለት ቀን ተዉት፣ ከተገፋ ባለቤት አለው ማለት ነው፣ ካልተነካ ዝጉ።

ይሄን የምለው ከመጽሀፍ አይደለም። ስራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሱቅ ጀነሬተር ያለበትን የቆርቆሮ ሳጥን ሳላይ ዘጋሁት። በነጋታው እናትየው ትል በአፏ ይዛ ሽቦው ላይ ትንጠለጠላለች፣ ውስጥ ጫጩት ይጮሀል። ባለ ሱቁ ደወለልኝ፣ እኔ ደብረ ሲና ስራ ላይ ነበርኩ፣ «ነገ እመጣለሁ» አልኩት። ስደርስ ድምጽ አልነበረም። አራት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እጄን አስገብቼ ሳልዳስስ አንድም ቀዳዳ ዘግቼ አላውቅም።

«በርበሬ ነስንስበት»

ይሄን ስንቴ ሰማሁት። ወፍን በርበሬ አያቃጥላትም። እኛን የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ነው፣ የአጥቢ እንስሳ ነርቭ ይሰማዋል፣ የወፍ ነርቭ አይሰማውም። የዱር ሚጥሚጣን ፍሬ እየበሉ ዘሩን የሚበትኑት ራሳቸው ወፎች ናቸው። አንዴ በርበሬ የነሰነሰ ባለቤት አይኑን ይዞ ሲያነጥስ ነው ያገኘሁት፣ ድንቢጧ ጎጆዋ ላይ ተቀምጣለች። በርበሬያችሁን ለወጥ አድርጉት።

«ሲዲ አንጠልጥል፣ ሲያበራ ትፈራለች»

ጥቂት ቀን ትፈራለች፣ ከዚያ ትለምደዋለች።

«ናፍታሊን»

ወፍ አያባርርም፣ ሽታው ለሰው መርዝ ነው፣ ሮቶ አጠገብ ደግሞ ፈጽሞ።

«ሱቅ የሚሸጠው በድምጽ የሚያባርር ማሽን አለ»

ሰው የማይሰማው ረቂቅ ድምጽ ያወጣል ይሏችኋል። የሰው ጆሮ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ይሰማል፣ አብዛኛው ወፍ ግን ከ10 በላይ ብዙም አይሰማም። እናንተ የማትሰሙትን ወፏም አትሰማውም ማለት ነው። በዚያ ብር ስንት ሜትር ሽቦ ይገዛል።

«ግራሶ ቀባው፣ እግሯ ሲያዳልጣት ትተወዋለች»

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ግራሶ ላባዋ ላይ ሲጣበቅ ላባው ሙቀት መያዝ ያቆማል፣ በኛ ውርጭ አንድ ሌሊት አታድርም። ቀዳዳው ግን እንዳለ ነው፣ ሌላዋ ትመጣለች።

«ጀነሬተሩን ዝም ብለህ አስነሳው፣ ሲሞቅ ትወጣለች»

በዚህኛው ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ትንንሾቹ የቤንዚን ጀነሬተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ነው፣ በገመድ መሳቢያው በኩል አየር ስበው በሲሊንደሩ ክንፎች ላይ ያሳልፋሉ። ሳሩ እዚያ ከገባ አየሩ ይታፈናል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይጣበቃል። ይሄ ቀላሉ ነው። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ዙሪያ ያለ ደረቅ ሳር ደግሞ ይቀጣጠላል፣ አጠገቡ ቤንዚን አለ። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት መብራት ጠፍቶ ለመብራት የሚጠቀሙበትን ጀነሬተር ሳያዩ አስነሱት፣ ጭስ አዩ፣ ልጁ አሸዋ ባይደፋበት ኖሮ የቆርቆሮው ጣሪያ ስር ያለው እንጨት በሙሉ ይያያዝ ነበር። መብራት ሳይጠፋ ወር ከቆየ ሳታስነሱት በፊት ሽፋኑን ፈታችሁ በባትሪ እዩት፣ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ፣ የማርሚታውን አፍ ተመልከቱ። ቆሞ ሲከርም ማርሚታውን በቆርቆሮ ክዳን ሸፍኑት፣ ግን ክዳኑ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበትና መነሻው ላይ እንድታስታውሱት አድርጉ። ሲሰራ ምንም ነገር አይሸፈንም። አየር መሳቢያው ላይም የትንኝ ወንፊት አትለጥፉ፣ አቧራ ይደፍነዋል፣ ሳጥን ሰርታችሁ ሳጥኑን በወንፊት ሽቦ ክበቡት።

የማድ ቤት ጭስ ማውጫ ቧንቧም እንደዚሁ ነው። «ጭሱ ራሱ ያባርራታል» ይላሉ። ክረምት ላይ ምድጃው ሳምንት ካልተነደደ ጎጆው ይሰራል፣ ስታነዱ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ከሰል ከሆነ ደግሞ ጭስ እንኳን የለውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በብርድ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ቧንቧው ላይ ቆብና ሽቦ ያለ ሰበብ አይደለም የሚደረገው።

«ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ያለውን በእንጨት ጎርጉረው»

አትጎርጉሩት። ማህተም ያለው የመብራት ኃይል ነው፣ ደውሉላቸው። ደረቅ ሳር የላላ ሽቦ መጋጠሚያ ላይ ካረፈ መጋጠሚያው ሲግል ይነዳል። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን የቤታችሁን የፊውዝ ሳጥን ነው፣ እሱንም ባለሙያ ዋናውን አጥፍቶ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ በሲልከን ይድፈነው።

«ጫጩቱን እጅህ ከነካው እናትየው ትጥለዋለች»

ይሄ ከልጅነታችን ጀምሮ የተነገረን ነው፣ ልክ አይደለም። ወፍ የሰው ጠረን ነካው ብላ ልጇን አትጥልም። ባለፈው መስከረም ከዲሽ ክንድ ውስጥ የወደቁ ሁለት ላባ ያላወጡ ጫጩቶች አንስቼ መልሼ ከተትኩ፣ መሰላሌን አጥፌ ሻይ ሳልጨርስ እናትየው ምግብ ይዛ ገባች። የምትሸሸው እናንተ አጠገቧ ስትቆሙ ነው፣ መልሱና ራቁ። ይሄ ማለት ግን ጎጆውን አንስታችሁ ሌላ ግድግዳ ላይ ብታስቀምጡት ታገኘዋለች ማለት አይደለም። ቦታውን ነው የምታውቀው።

«የኛ አገር ወፍ ሁሉ ብርቅ ናት፣ መንካት አይቻልም»

የአንኮበር ሴሪን የምትባለው ትንሽ ወፍ ብርቅ ናት፣ በ1976 እ.ኤ.አ. አንኮበር ላይ የተገኘች ናት፣ ግን እሷ የምትኖረው ገደል ላይ ነው፣ ሮቶ ውስጥ አይደለም። አንገቷ ላይ ነጭ ያላት ርግብም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለችም፣ እውነት ነው፣ ግን በየቤተክርስቲያኑና በየፎቁ ሞልታለች። ቀዳዳ በወቅቱ መዝጋት አንዷንም አይጎዳም። ቦታ ለማጣቷ የምታዝኑ ካላችሁ፣ እኔም አዝናለሁ፣ የተሰነጠቀ ማሰሮ አፉን ወደ ጎን አድርጋችሁ ኮርኒሱ ስር ስቀሉላት። እኔ ቤት ሁለት አሉ፣ ሁለቱም ተይዘዋል።

«ሮቶው ክዳን አለው፣ ውሃው ንጹህ ነው»

ክዳኑ ተጠምዝዞ ካልተዘጋ ክዳን አይባልም። ኩሱ ውስጥ እንደ ሳልሞኔላ ያለ ሆድ የሚያውክ ጀርም አለ። የሞተ ወፍ ወይ ኩስ ካገኛችሁ ውሃውን ድፉት፣ ውስጡን ፈትጉት፣ ከዚያ ሞልታችሁ ለ1000 ሊትር አንድ ሊትር 5 ፐርሰንት በረኪና ጨምሩና 24 ሰአት አሳድራችሁ ድፉት፣ ያ ውሃ አይጠጣም አይታጠቡበትምም፣ ቧንቧዎቹንም ክፈቱና ይሂድባቸው። ቀጥሎ የሚሞላው ነው የሚጠጣው።

«ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ጎጆው ቢቀመጥ ምን ያመጣል»

ቅማል የሚመስሉ ጥቃቅን ቀይ ተባዮች ወፏን ሲያጡ ወደ ቤት ነው የሚገቡት፣ ሌሊት ሰው ይነክሳሉ፣ ሰዎች ትኋን መስሏቸው ፍራሽ ያቃጥላሉ። እንደበረሩ አውጡት። ደረቁን ግን አትጥረጉት፣ የደረቀ ኩስ አቧራ ውስጥ ሳንባ የሚያጠቃ ፈንገስ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ በረኪና ያለው ውሃ እርጩበት፣ ማስክና ጓንት አድርጉ፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ እሰሩት፣ ከዚያ ከመሰላሉ ሳትወርዱ ሽቦውን ግጠሙት።