በትንሽ ከተማ መቃብር ያረፉ ሰዎችን ሕይወት ማጥናት

የመቃብር ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ሦስት ነገር ነው፦ ስም፣ የተወለዱበት ቀን፣ ያረፉበት ቀን። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ዕድሜ አልተጻፈም። ሰውየው ምን ሠርቶ አደረ? ማንን አገባ? ለምን በ31 ዓመቱ ተቀጨ? በብዙ አገር የታሪክ ወዳጆች፣ ተማሪዎችና የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ፍለጋ ሥራዬ ብለው ይዘውታል። ለትልልቅ ሰዎች ታሪክ ጸሐፊ አይጠፋም። የትንሿን ከተማ ጫማ ሰፊ ግን ካልፈለጉት ማንም አያስታውሰውም።

ሥራው ከድንጋዩ ይጀምራል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ወደ ማምሻው መሄድ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ ከጎን ይመጣና እኩለ ቀን ላይ ባዶ የሚመስለው ድንጋይ ፊደል ያወጣል። የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግቶ ማብራትም ያው ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ቅጽበት ነው። መጀመሪያ አንድ ፊደል ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ግማሽ ስም፤ ከዚያ ሕፃን መሆኑን የሚናገር መስመር።

በሽቦ ብሩሽ መፈተግና በረኪና ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይገባም። እብነ በረድ አሲድ ያለበት ዝናብ ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ድንጋይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ እንደ ልጣጭ ይነሳል። በችኮላ የተፋቀ ፊደል አይመለስም።

ደግሞ ድንጋይም ይሳሳታል። ሐውልቱ ከቀብሩ ዓመታት ቆይቶ የቆመ ከሆነ ቀኑ የመጣው ከቤተሰብ ትዝታ ሊሆን ይችላል። በድሮ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች «በዕድሜው 43ኛ ዓመት» ሲባል ሟቹ 42 ሞልቶት 43ኛውን ጀምሯል ማለት ነው። የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1752 ለውጡን እስክታደርግ ድረስ በሕግ ዓመቱ የሚጀምረው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1740 የሚል ድንጋይ በዛሬው ቆጠራ 1741 ሊሆን ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ መቃብሮች ምስሎችም ይናገራሉ፦ የተሰበረ ዓምድ በአጭር የቀረ ሕይወት ነው፣ የተኛች ግልገል በግ የሕፃን መቃብር። በአይሁድ መቃብር ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆች ካዩ ሟቹ ከካህናት ዘር ነው።

ከድንጋዩ ቀጥሎ ወረቀት ነው። የቀብር መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ ኑዛዜ፣ የድሮ ጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ። እንግሊዝ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1538፣ የመንግሥት የሞት ምዝገባ ደግሞ በ1837 ስለተጀመረ ፍለጋው ሩቅ ይሄዳል። ለጦር ሟቾች፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን 1.7 ሚሊዮን ገደማ ስሞችን ይዟል፤ በስም መፈለግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ፋይንድ ኤ ግሬቭ የተባለው ድረ ገጽም በበጎ ፈቃደኞች የተነሡ የመቃብር ፎቶዎችን ያከማቻል። ፎቶው ጠቃሚ ነው፤ ሥሩ የተጻፈውን ግን ከመዝገብ ጋር ሳያመሳክሩ ማመን አያዋጣም።

ትንሽ ከተማ የራሷ ፈተና አላት። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ሰዉ ሁሉ ተጋብቶ ተዋልዷል። ነጠላ ሰው ከማሳደድ ይልቅ ረድፉን ሙሉ ማንበብ ይሻላል። ጎን ለጎን ያሉ ድንጋዮች እ.ኤ.አ. የ1918ን መጨረሻ ወራት ከደጋገሙ፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እዚያም ገብቶ እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ዘመዶች በሕይወት ካሉ አስቀድሞ ማነጋገር ግድ ነው። ራሱን ያጠፋ ወይም ከትዳር ውጭ የተወለደ ሰው ታሪክ ለእነሱ ገና ቁስል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ ድንጋይ የሌላቸው ናቸው። ድሆች፣ እንግዶች፣ ሲወለዱ የሞቱ ሕፃናት። መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር አፈሩ የተቆፈረበትን ያሳያል እንጂ ስም አይናገርም። ስሙ ያለው የቀብር መዝገቡ ላይ ነው፣ ከረድፉና ከቁጥሩ ጋር። ሜትር ይዞ ከአጥሩ ጥግ እየለኩ መሄድ ነው፣ ሣሩ በአራት ማዕዘን ትንሽ ዝቅ ያለበት ቦታ እስኪደርሱ።