አይዳ፦ ኦፔራዋና ስለ እሷ የሚወራው

አዲስ አበባ አድጎ አይዳ የምትባል የክፍል ጓደኛ ያልነበረችው ሰው ጥቂት ነው። በኦፔራው፣ ማለትም በዘፈን በሚቀርበው ቴአትር፣ ያለችው አይዳም ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት። ተማርካ የግብፅ ንጉሥ ልጅ ባሪያ ሆናለች፤ የግብፁን የጦር አዛዥ ራዳሜስን ታፈቅራለች። ሙዚቃው የጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ነው። ስለ ሥራው የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተደረሰ ነው»

ይሄኛው ሥር የሰደደ ነው። ቦዩ የተመረቀው በ1869 ነው። የካይሮው ኦፔራ ቤትም በዚያው ዓመት ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን በሌላ የቬርዲ ሥራ፣ በ«ሪጎሌቶ» ነው። ቬርዲ ለመክፈቻው መዝሙር ድረስልን ቢባል እንቢ ብሏል። «አይዳ»ን ለመድረስ የተስማማው በ1870፣ በ150,000 ፍራንክ ነው። አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ ፓሪስ እየተሠራ ሳለ ፕሩሲያ ከተማዋን ከበበች፤ ሁሉም እዚያው ታገተ። በመጨረሻ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየ። ቬርዲ ራሱ ድርሽ አላለም።

«ኢትዮጵያ የተባለችው የእኛዋ ናት»

እዚህ ላይ ትንሽ ቅር ሊለን ይችላል። ታሪኩን ያፈለቀው የጥንቷን ግብፅ ያጠና የነበረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማርዬት ነው። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። ኦፔራው ውስጥ የግብፅ ጦር ሊያልፍበት ያሰበው ሸለቆ የናፓታ ነው። ናፓታ ደግሞ የጥንቱ የኩሽ መንግሥት ከተማ ነበረች፤ ቦታዋ ዛሬ ሱዳን ነው። አክሱምን እዚያ አትፈልጉ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኦፔራውን ያሠሩት የግብፁ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ናቸው። በመድረካቸው ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን አሸንፋ ምርኮኛ እየነዳች ትገባለች። አራት ዓመት ሳይሞላ እውነተኛ ጦር ወደ እኛ ላኩ። በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድባቅ መታው። የድል ሰልፉ መድረክ ላይ ቀረ።

«ያለ ማይክ አይሰማም»

ይሰማል። ኦፔራ ቤት ውስጥ ዘፋኙ ኦርኬስትራውን አልፎ የሚሰማው በራሱ ጉሮሮ ነው።

«መለከትና ሰልፍ ብቻ ነው»

ሰልፉ ያለው ከአራቱ ገቢር በሁለተኛው ነው። በጣሊያኗ ከተማ ቬሮና ውስጥ ከ1913 ጀምሮ በጥንቱ የሮማውያን አምፊቲያትር ስለሚታይ ሰው ያንን ድምቀት ይዞ ቀረ። የቀረው አብዛኛው ክፍል ግን ሁለት ሦስት ሰዎች ተፋጠው የሚከራከሩበት ነው። ኦፔራው የሚጀምረው በቀጭን የቫዮሊን ድምፅ ነው። ሲያልቅ ራዳሜስ ከነሕይወቱ መቃብር ተዘግቶበታል፤ አይዳ ቀድማ ገብታ ጨለማው ውስጥ ትጠብቀዋለች። ድምፃቸው እየሳሳ ይሄዳል።