እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ኬሞ ለምን?

«ሳንባው በራጅ ንጹሕ ነው ተባልን። እግሩም ተቆረጠ። ታዲያ ኬሞው ለምኑ ነው?» ውሻቸው ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር የተገኘበት ሰዎች ሁሌ የሚጠይቁት ይህንን ነው።

ግራ የምታጋባው «ንጹሕ» የምትለዋ ቃል ናት። ራጅ የሚያሳየው መጠን ያለውን እብጠት ብቻ ነው። ከምስር ፍሬ ያነሰች ብትኖር አትታይም። በዚህ በሽታ ደግሞ ከ10 ውሾች በ9ኙ ገደማ፣ ገና በሽታው ሲታወቅ ጥቃቅን የካንሰር ሕዋሳት ከእግሩ አምልጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ሳንባ። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ዋናውን እጢና ሕመሙን ያነሳል። ያ ሕመም ደግሞ ቀላል አይደለም፣ እንቅልፍ ይነሳል። ኬሞው ያመለጡትን ያሳድዳል። ያዘገያቸዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋቸውም።

ውሻው ምን ያህል ጊዜ ይኖራል? እግር መቁረጥ ብቻውን ከ4 እስከ 5 ወር፣ ኬሞ ሲጨመር ከ10 እስከ 12 ወር ይባላል። ይህ ግን የመሐል ቁጥር ነው፣ ቀጠሮ አይደለም። ለምሳሌ አምስት ውሾች 4፣ 7፣ 11፣ 16 እና 30 ወር ቢኖሩ መሐሉ 11 ነው። የእናንተው የትኛው እንደሚሆን ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

የመድኃኒቱ ዓይነትና ዋጋ ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። ካርቦፕላቲን ከሆነ ብዙ ጊዜ በየ3 ሳምንቱ ከ4 እስከ 6 ዙር ይሰጣል። ፀጉሩ ይረግፋል ብላችሁ አትጨነቁ፣ አብዛኞቹ ውሾች ላይ አይታይም። ይልቅ ውሻችሁ ከባድ ከሆነና ዳሌው ድሮም የሚያመው ከሆነ፣ በሦስት እግር መቆም ይችል እንደሆነ ከመቆረጡ በፊት አስመርምሩ።