ሳንቶሪኒ ላይ አንድ ቀን፦ ከመርከብ የሚወርዱ ጥንዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኤጅያን ባሕር የሚጓዙ የመዝናኛ መርከቦች ከሚጎበኟቸው ደሴቶች መካከል ብዙ ባልና ሚስት በጉጉት የሚጠብቋት የግሪኳ ሳንቶሪኒ ናት። በፎቶግራፍ ላይ የደሴቲቱ ውበት ገደሉ ነው። ለመርከብ መንገደኛ ግን ያው ገደል ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ የሚወስን መሰናክል ስለሆነ፣ ከታች ያሉት አብዛኞቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች የሚመነጩት ይህን ካለማወቅ ነው።

«መርከቡ ስምንት ሰዓት ከቆመ፣ ደሴቲቱ ላይ ስምንት ሰዓት አለን።»

መርከቡ ሳንቶሪኒ ላይ ወደብ ይዞ አይቆምም። ደሴቲቱ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ መሐሏ ተንዶ የቀረች ቅስት ናት፤ ካልዴራ የሚባለውን ጎድጓድ የሞላው ባሕርም እጅግ ጥልቅ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች እዚያው ውኃው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ መንገደኞችን የአካባቢው ጀልባዎች እየተመላለሱ ከፊራ ከተማ ሥር ወዳለው አሮጌ ወደብ ያደርሷቸዋል። ከዚያ ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት ይቀራል። በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያመላልሰው ኬብል ካር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው በስድስት ክፍሎች ስድስት ስድስት ሰው፣ በድምሩ 36 ሰው ነው። ጉዞው የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ያህል ቢሆንም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአንድ አቅጣጫ የሚያልፈው ሰው ከ600 ብዙም አይበልጥም። 3,000 መንገደኛ ያለበት አንድ መርከብ ብቻ ቢመጣ እንኳ፣ ሁሉም በኬብል ካር ልውጣ ካለ አምስት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ደግሞ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ መርከብ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ የመርከብ መንገደኞች ቁጥር በቀን 8,000 ላይ እንዲገደብ የተደረገውም በዚሁ መጨናነቅ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቀኑ መታቀድ ያለበት ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው። መያዝ የሚገባው ሰዓት መርከቡ የሚነሣበት ሳይሆን የመጨረሻዋ ጀልባ ከአሮጌው ወደብ የምትነሣበት ነው። ከዚያ ላይ ለመውረጃው ሰልፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል መቀነስ ይገባል፤ ሰልፉ አጭር ሆኖ ከተገኘ የተረፈውን ጊዜ ፊራ ላይ ቡና እየጠጡ ማሳለፍ ይቻላል። ከመርከቡ ሲወርዱ የስልኩ ሰዓት ከመርከቡ ሰዓት ጋር መስማማቱን ማረጋገጥም አይዘንጋ።

«ከመርከቡ ድርጅት ጉብኝት የገዛ ሰው ከሰልፍ ይድናል።»

ይህ እውነትነቱ ግማሽ ብቻ ነው። የመርከቡን ጉብኝት የገዙ መንገደኞች ብዙውን ጊዜ ቀድመው አቲኒዮስ ወደሚባለው የፌሪ (ሰውና መኪና የሚያመላልሱ መርከቦች) ወደብ ስለሚወሰዱና ከዚያም አውቶቡስ በጠመዝማዛው መንገድ ስለሚያወጣቸው፣ በመውጫው ላይ ሰልፍ አይገጥማቸውም። ጉብኝቱ የሚያበቃው ግን በአብዛኛው ፊራ ላይ ነው፤ ሲመለሱ እነርሱም እንደ ማንኛውም ሰው በኬብል ካሩ ይወርዳሉ።

«በአህያ መውጣት የደሴቲቱ ባህል ስለሆነ ሊቀር አይገባም።»

አህዮችና በቅሎዎች ለዘመናት የደሴቲቱን ሸክም መሸከማቸው እውነት ነው። ዛሬ የሚሸከሙት ግን ጎብኚ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ከ580 የሚበልጡ ደረጃዎችን በቀን ደጋግመው ይወጣሉ። የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ እንስሳ ከ100 ኪሎ ግራም ወይም ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይጫን ደንብ ያወጣው በእንስሳቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ቅሬታ ካስነሣ በኋላ ነው። በእኔ እምነት ጤናማ እግር ያላቸው ጥንዶች ይህን ነገር ቢተዉት ይሻላል። በእግር መውረድ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል እንጂ ሰልፍ የለውም። ደረጃዎቹ በብዙ ሰው እግር የለሰለሱ፣ የእንስሳት ፋንድያም ያለባቸው በመሆናቸው ያንሸራትታሉ፤ ስለዚህ ክፍት ጫማ ለዚህ መንገድ አይሆንም።

«ጀንበር ስትጠልቅ ኦያ ላይ ካልታየች ሳንቶሪኒ አልታየችም።»

በሰኔ ወር ደሴቲቱ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ብዙ መርከቦች በዚያ ሰዓት ተነሥተዋል፤ እስከ ማታ የሚቆዩትም ቢሆኑ፣ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ካለችው ከኦያ መንደር 11 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ፣ ፊራ ላይ ተሰልፎ፣ ጀልባ መያዝ በጭንቀት የተሞላ ምሽት ነው የሚሆነው። ፊራም፣ አጠገቧ ያሉት መንደሮች ፊሮስቴፋኒም፣ ኢሜሮቪግሊም የሚገኙት በዚያው ገደል አፋፍ ላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ነው። ከፊራ ተነሥቶ በአፋፉ ላይ ባለው የእግር መንገድ ወደ ኢሜሮቪግሊ የሚሄድ ሰው ካልዴራውን፣ መሐሉ ላይ ያለችውን ጥቁሯን የእሳተ ገሞራ ደሴት ኔያ ካሜኒን፣ ከሥር የቆመውንም የራሱን መርከብ ያለ አንዳች ከለላ ያያል። ኦያን ማየት የሚፈልጉ ጥንዶች በጠዋት ቢሄዱ ይሻላቸዋል።

«ከነጮቹ ቤቶች ሥር የባሕር ዳርቻ አለ።»

የለም። ነጮቹ ቤቶች ገደሉ ላይ ናቸው፤ ለመዋኛ የሚሆኑት ካማሪና ፔሪሳ የሚገኙት በደሴቲቱ ማዶ፣ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። አሸዋቸው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር አሸዋ በመሆኑ እኩለ ቀን ላይ ባዶ እግርን ያቃጥላል።

«አክሮቲሪ የድንጋይ ፍርስራሽ ነው፤ እሳተ ገሞራውም የሞተ ነው።»

አክሮቲሪ ከ3,500 ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረች ከተማ ናት። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ስፒሪዶን ማሪናቶስ እ.ኤ.አ. በ1967 ቁፋሮ ሲጀምሩ ያገኙት ከአንድ ፎቅ በላይ ያላቸው ቤቶች፣ የቆሻሻ ማፍሰሻ ቦዮችና የግድግዳ ሥዕሎች የነበሩበት ሙሉ ሰፈር ነው። የሰው አጽም በቤቶቹ ውስጥ አለመገኘቱ ነዋሪዎቹ ከፍንዳታው በፊት አደጋውን አውቀው ሳይሸሹ እንዳልቀሩ ያመለክታል። ዛሬ ጎብኚው በትልቅ ጣሪያ ሥር በተሠራ መተላለፊያ ላይ ሆኖ በመንገዶቹ መካከል ይዘዋወራል፤ በፀሐዩ ሰዓት ይህ ጥላ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከተማዋ ፈላስፋው ፕላቶ በባሕር ሰጠመች ያላት አትላንቲስ ናት የሚለው ወሬ ግን ማረጋገጫ የለውም።

እሳተ ገሞራውም አልሞተም፤ በኔያ ካሜኒ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በአካባቢው ባሕር ሥር ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ በመከሰቱ ብዙ ነዋሪዎች ደሴቲቱን ለቅቀው ነበር።

«አብረን ስለመጣን ሁሉንም ነገር አብረን ማየት አለብን።»

ኦያ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ አክሮቲሪ በደቡብ፣ ፊራ ደግሞ በመካከላቸው ይገኛሉ፤ የሕዝብ አውቶቡሶቹም የሚገናኙት ፊራ ላይ ነው። ኦያንና አክሮቲሪን ሁለቱንም በአንድ የመርከብ ቀን ማየት የሚፈልጉ ጥንዶች አብዛኛውን ሰዓት አውቶቡስ ውስጥና ማቆሚያ ላይ ያሳልፉታል። አንዱን መርጦ በእርጋታ ማየት ይሻላል፤ ሚስት የአክሮቲሪ ሥልጣኔ የሚስባት፣ ባል ደግሞ ኦያን የሚመኝ ከሆነ፣ ፊራ ላይ ተለያይቶ በተቀጠረ ሰዓት በኬብል ካሩ የላይኛው ጣቢያ መገናኘት ምንም ነውር የለውም። በመውረጃውም እንዲሁ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው በኬብል ካር ይውረድ፣ ሌላው በደረጃው ይራመድ።

«ጥቂት ብንዘገይ መርከቡ ይጠብቀናል።»

መርከቡ የሚጠብቀው በራሱ ድርጅት ጉብኝት የወጡ መንገደኞች ሲዘገዩ ነው። በራሳቸው የወጡ ጥንዶች ከዘገዩ፣ በፌሪ ወይም በአውሮፕላን ወደ ቀጣዩ ወደብ የሚደርሱት በራሳቸው ወጪ ነው። በዚህ ምክንያት የፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ካርድና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ መርከቡ ክፍል ውስጥ መቅረት የለባቸውም፤ ጥንዶቹ ከተለያዩ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መያዝ ይገባቸዋል።