«ኩላሊቴን ነው» የምንለው ወገብ፦ ስለ ልብስ ሰፊ ጀርባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሁሉ ከጥምቀት በፊት ያሉት ሳምንታት ለልብስ ሰፊ ምን እንደሚመስሉ መገመት አያቅተውም። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ደረሰልኝ?» ይላል። ሰፊዋ ከጠዋት እስከ ማታ ከመኪናው አትነሳም። አክስቴ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የሐበሻ ቀሚስ ሰፍታለች። እንዲህ ባለው ሰሞን ማታ ስትነሳ መጀመሪያ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ትይዛለች። እንደጎበጠች ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ቀስ ብላ ትቃናለች። እኔም ስፌት የተማርኩት እሷ አጠገብ ነው። ስለ ጀርባ የሚወራውን አብዛኛውን ነገር የሰማሁትም እዚያው ነው። ብዙው ልክ አልነበረም።

«ኩላሊቴን ነው የሚያመኝ»

ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወገቡን የቆረጠመው ሰው እጁን ወደ ኋላ አዙሮ «ኩላሊቴ» ይላል። አክስቴም ለዓመታት እንዲሁ ትል ነበር። ውሃ በብዛት ጠጣች። ሽንቷን ተመረመረች። «ኩላሊትሽ ደህና ነው» ተባለች። አላመነችም። በማግስቱ ያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚሰማው፤ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ወደ አንድ ጎን። ብትቀመጡም ብትቆሙም ብዙ አይለወጥም። ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ሽንት ውስጥ ደም አብሮት ሊመጣ ይችላል። የስፌት ወገብ እንደዚህ አይደለም። ጎንበስ ብላችሁ ስትቆዩ ይብሳል፣ ተነስታችሁ ትንሽ ስትራመዱ ይለቃችኋል። እሑድ ደህና ውሎ ሰኞ ከሰዓት ይመለሳል። ልዩነቱን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ኩላሊት ነው ብሎ ያመነ ሰው ወንበሩንም ጠረጴዛውንም አይነካም። ሕመሙ የሚመጣው ግን ከእነሱ ነው።

«ብርድ ገብቶኝ ነው» ለሚለውም መልሱ ቅርብ ነው። ሙቀት የተያዘን ጡንቻ ያፍታታል፣ ስለዚህ ሙቅ ፎጣ ማድረግ ደስ ይላል። ያንን ጡንቻ የያዘው ግን ሳይንቀሳቀሱ መዋል ነው።

«ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው መድኃኒቱ»

«ቀጥ በይ!» ያልተባለ ልጅ የለም። ስንሰፋም ዘጠና ዲግሪ ሆነን እንደ ምሰሶ ከተቀመጥን ጀርባችን የሚድን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስኮትላንድ፣ አበርዲን ውስጥ ተመራማሪዎች 22 ጤነኛ ሰዎችን ተቀምጠው ሳለ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ አነሷቸው። አንዴ ጎብጠው፣ አንዴ ቀጥ ብለው፣ አንዴ ደግሞ 135 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ዘንበል ብለው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ላሉት ዲስኮች የተሻለው ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ።

እርግጥ ነው፣ ወደ ኋላ ተጋድሞ ቀሚስ አይሰፋም። ከዚህ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ዘጠና ዲግሪ የተለየ በረከት የለውም። ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ጫና ሲበዛበትና ሲቀንስለት በሚገባና በሚወጣ ፈሳሽ ነው። ጥሩም አቀማመጥ ቢሆን ለሦስት ሰዓት ከተያዘ መጥፎ ይሆናል።

ለዚህ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። መኪናው ራሱ ሰዓት አለው፦ የታች ክር። ባለቀ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት ተነሱ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ለጠጥ በሉ። ሌላም አለ፦ ካውያውን ከወንበሩ እጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ስፌቱን ለመተኮስ የግድ ትነሳላችሁ። አክስቴ መጀመሪያ «ጊዜ ይፈጅብኛል» ብላ ነበር። አሁን ካውያው በሩ አጠገብ ነው።

«ወንበሩ ለስላሳ ከሆነ ይበቃል»

ወፍራም ስፖንጅ ስንቀመጥበት ይሰምጣል። ዳሌ ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ ወገብም ወደ ኋላ ይጎብጣል። ያ በየቤቱ ያለው የፕላስቲክ ወንበርም መቀመጫው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ነው። ለወሬ ይመቻል። ልብስ ሰፊ ግን ወደ ፊት ነው የሚያዘነብለው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ከሎስ አንጀለስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አንገታቸውንና ትከሻቸውን የሚያማቸው 277 የልብስ ስፌት ሠራተኞችን ለአራት ወር ተከታተለ። ሁሉም እንደ እግር ማሳረፊያ ያሉ ትናንሽ ነገሮች ተሰጧቸው። አንዱ ቡድን በተጨማሪ ከፍታው የሚስተካከል፣ መቀመጫው ዝርግ የሆነ ወንበር አገኘ። ሌላው ያንኑ የመሰለ፣ ግን መቀመጫው ጎበጥ ያለ ወንበር ተሰጠው። ወንበር ያገኙት ሁለቱም ቡድኖች ካላገኙት የበለጠ ሕመማቸው ቀነሰ። ከሁለቱ ደግሞ ጎበጥ ያለው በለጠ።

እንዲህ ያለ ወንበር የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለ ጋቢ አጣጥፉና ከመቀመጫው የኋላ ጠርዝ ላይ ብቻ አድርጉት። ዳሌ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይበል። ጭን ወደ ፔዳሉ ቁልቁል ይሂድ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

«ችግሩ ወንበሩ ነው»

እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ለአክስቴ ወንበሩን አስተካከልንላት፤ ሕመሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አንድ ቀን እየሰፋች ሳለ ከጎን በስልኬ ፎቶ አነሳኋትና አሳየኋት። «ይቺ እኔ ነኝ?» አለች። አፍንጫዋ መርፌው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

ጥቁር ቀሚስ በጥቁር ክር እየሰፋች ነበር። አምፖሉ ከኋላዋ ነው፤ የራሷ ጥላ ጨርቁ ላይ ወድቋል። መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ዓይን ማየት ሲያቅተው ጭንቅላትን ይጎትታል፣ ጭንቅላት አንገትን፣ አንገት ጀርባን። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ስሌት ጭንቅላት 60 ዲግሪ ሲያጎነብስ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። ስሌት ነው እንጂ ሰው ላይ የተለካ አይደለም። ግን አምስት ኪሎ ሽንኩርት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ለመያዝ ሞክሩ፤ ነገሩ ይገባችኋል።

ያደረግነው ይህ ነው። መብራት ከግራ በኩል፣ መርፌው አጠገብ። መነጽር ዓይን ላይ። ጠረጴዛው ዝቅ ብሎባት ስለነበር በአራቱም እግሮቹ ሥር አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ። ጠረጴዛ ከክርን ትንሽ ከፍ ሲል ሥራው ወደ ዓይን ይቀርባል። ትከሻ ወደ ጆሮ መሸሽ ከጀመረ ግን በዝቷል፣ ዝቅ አድርጉት። በመጨረሻ ፔዳሉን ወደ ራሷ አስጠጋነው። እግሯን ዘርግታ ስትረግጥ ዳሌዋ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይንሸራተት ነበርና የጀርባው መደገፊያ ምንም አይሠራላትም ነበር። ወጪያችን አንድ የጠረጴዛ አምፖል ብቻ ነው።

«መቀነት ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይከላከላል»

ያመመው ሰው ለጊዜው ቢያስር ክፉ አይደለም፣ ያበረታል። እንደሚከላከል ግን ማስረጃ የለም። በአሜሪካ የችርቻሮ መደብር ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ትልቅ ጥናት የወገብ ቀበቶ ሕመሙን ሲቀንስ አላገኘም።

«ወገብ ሲይዝ መተኛት ነው»

ሄልሲንኪ ላይ ድንገት ወገባቸውን የያዛቸው የከተማዋ ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ። ሌላው የወገብ ስፖርት ሠራ። ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲታተም ቀድሞ የዳነው ሦስተኛው ቡድን ነበር። እንግዲህ ያዘኝ ብላችሁ ሳምንት አትተኙ። ቤት ውስጥ ተንቀሳቀሱ፣ ሱቅ ድረስ በእግር ሂዱ፣ የቀለለውን ሥራ ሥሩ።

«የልብስ ሰፊ ጀርባ ማመሙ ያለ ነው»

በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ሕመሙን ለምደውት ሐኪም ሳያዩ የሚቀሩ ሰዎች አሉ። አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ በጭኖቻችሁ መካከል ያለው ቦታ ስሜት ካጣ፣ ሽንት አልታዘዝ ካለ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያልብ፣ ትኩሳት ያለው፣ ክብደት የሚቀንስ የጀርባ ሕመምም አለ። ቲቢ አከርካሪን እንደሚይዝ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኛ አገር ደግሞ ሩቅ በሽታ አይደለም። በመድኃኒት ይድናል፣ ሲቆይ ግን አጥንቱን ይበላል። እነዚህን ያያችሁ እንደሆነ «በዓሉ ይለፍና» አትበሉ።